«አሰብ የማን ነው?» ከማለታችን በፊት፦ ባብ ኤል መንደብን እንወቀው



ኢትዮጵያውያን ቡና ላይ በተሰበሰብንበት ቤት ሁሉ፣ ከአቦሉ ወደ ቶናው ስንሸጋገር አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፦ «አሰብ የማን ነው?» አንዱ ታሪክ ይጠቅሳል፣ ሌላው ሕግ ያነሳል፣ ሦስተኛው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ በረካው ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ግን መርከቦቹ የሚያልፉበት ጠባብ ውሃ፣ ባብ ኤል መንደብ፣ ስሙም አይነሳም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ወደብ መያዝና የባሕር መተላለፊያን መቆጣጠር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለቱን ካልለየን ስለ ጦርነትም ሆነ ስለ ሰላም የምንናገረው ይምታታብናል።

እኔ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ አይደለሁም፤ የምማረው ነርሲንግ ነው፣ አማርኛዬም የቤት አማርኛ ነው። ነገር ግን ኢቶቢኮ ያደገ ሰው ለዚህ ጉዳይ ባዕድ ሊሆን አይችልም። በባብ ኤል መንደብ ዙሪያ ያሉ አገሮች ሰዎች ሁሉ እዚህ ጎረቤታሞች ናቸው። ዲክሰን መንገድ ላይ ያሉት ፎቆች የሶማሌ ቤተሰቦች ሰፈር ከሆኑ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከእኔ ጋር የደም ግፊት መለካት ከሚለማመዱት ልጆች መካከል ወላጆቻቸው ከአስመራ፣ ከሐርጌሳና ከኤደን የመጡ አሉ። እዚያ የሚተኮሰው እዚህ ባይደርስም ወሬው ግን በአንድ ሰዓት የሁላችንም ስልክ ላይ ይገባል። በእኛ ቤት ደግሞ የእናቴ ወንድም ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ፣ የቀይ ባሕር ዜና የቤተሰብ ዜና ነው።

እንዳንደናገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በሩ የት ነው?

ባብ ኤል መንደብ በዐረብኛ «የእንባ በር» ወይም «የዋይታ በር» እንደ ማለት ነው። ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ጋር፣ በዚያም አልፎ ከሕንድ ውቅያኖስ ጋር ያገናኛል። በአንድ በኩል የመን፣ በሌላው በኩል ጅቡቲና ኤርትራ አሉ። በጠባቡ ቦታ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከኢቶቢኮ ተነስተን ስካርቦሮ ዘመድ ለመጠየቅ ከምንሄደው መንገድ ብዙም አይበልጥም። በመካከሉ ፔሪም ወይም ማዩን የምትባል የየመን ደሴት አለች። ደሴቷ ውሃውን ለሁለት ትከፍለዋለች። በየመን በኩል ያለው መተላለፊያ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ትልልቅ መርከቦች የሚያልፉት በምዕራቡ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ባለውና ጥልቅ በሆነው በኩል ነው።

አሁን ካርታ ክፈቱና ሦስት ወደቦችን ፈልጉ። አሰብ ከሰርጡ በስተሰሜን፣ ቀይ ባሕር ውስጥ ነው። ጅቡቲ ከሰርጡ በስተደቡብ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው። በርበራ ደግሞ ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ላይ ነው። ይህ ተራ የጂኦግራፊ ትምህርት ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ትልቅ ነው። ከቻይና ወይም ከሕንድ የሚመጣ መርከብ ጅቡቲ ለመግባት ባብ ኤል መንደብን ማለፍ አያስፈልገውም፤ አሰብ ለመግባት ግን የግድ ማለፍ አለበት። ከአውሮፓ በሱዌዝ ቦይ የሚመጣው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ አሰብን ሰርጡ ሳይነካው ያገኘዋል፣ ጅቡቲ ለመድረስ ግን ሰርጡን ያልፋል።

እንግዲህ የትኛውም ወደብ ቢሆን ከሰርጡ ጋር ያለውን ጉዳይ ይለውጠዋል እንጂ አያስቀረውም። አንዱ ለአንዱ መንገድ ይመቻል፣ ሌላው ለሌላው። ነዳጅን ብንወስድ፣ ከኩዌት ወደ ጅቡቲ የሚጫነው በሌላ ሰርጥ፣ በኢራንና በኦማን መካከል ባለው በሆርሙዝ በኩል ነው የሚወጣው። ስለዚህ ወደብ ያላት አገርም ብትሆን፣ ዕቃዋ ቤቷ እስኪደርስ የሌሎችን በሮች ማንኳኳቷ አይቀርም።

ማን ይዞት ያውቃል?

የሱዌዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት ባብ ኤል መንደብ በአንድ ጊዜ የአውሮፓና የእስያ አጭር መንገድ ሆነ። ከዚያ በፊትም ኃያላኑ ቦታ መያዝ ጀምረው ነበር። እንግሊዝ በ1839 ኤደንን፣ በ1857 ደግሞ ፔሪም ደሴትን ያዘች። ፈረንሳይ በ1862 ኦቦክን ገዛች፤ የዛሬዋ ጅቡቲ መነሻ ይህ ነው። በ1869 ሩባቲኖ የተባለ የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት ገዛ፤ በ1882 የጣሊያን መንግሥት ቦታውን ተረከበ። ሦስት ኃያላን በአንድ ሰርጥ ዙሪያ ሰፈሩ። አንዳቸውም ግን ሌሎቹን አስወጥተው ብቻቸውን አልያዙትም። የተቻቻሉት ተዋደው ሳይሆን፣ መንገዱ ሲዘጋ የሁሉም ንግድ ስለሚሞት ነው።

ለእኛ ክርክር ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው የ1973 ታሪክ ነው። በዚያን ጊዜ ኤርትራ በኢትዮጵያ ሥር ነበረች። አሰብም ምጽዋም በአዲስ አበባ መንግሥት እጅ ነበሩ፤ አገሪቱ የባሕር ኃይልም ነበራት። በኦክቶበር 1973 በግብፅ፣ በሶርያና በእስራኤል መካከል ጦርነት ሲነሳ፣ የግብፅ የጦር መርከቦች ባብ ኤል መንደብ ላይ ቆመው ወደ እስራኤል የሚሄዱ መርከቦችን አገዱ። ዓላማው ከኢራን ወደ ኤይላት ወደብ የሚሄደውን ነዳጅ ማቋረጥ ነበር። ኢትዮጵያ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ የባሕር ዳርቻ ይዛ ሰርጡን አልከፈተችም፣ አልዘጋችምም። እንዲያውም ጦርነቱ ሳያባራ፣ ኦክቶበር 23 ቀን፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የቅርብ ወዳጁ ከነበረችው ከእስራኤል ጋር የነበረውን ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት አቋረጠ። የዐረቡና የአፍሪካው ዓለም ግፊት ከዳርቻው ርዝመት ይልቅ ከበደ።

ይህን የምናገረው ወደብ አይጠቅምም ለማለት አይደለም፤ ይጠቅማል። የምለው፣ ወደብና የባሕር ኃይል የነበራት ኢትዮጵያም ሰርጡን አልተቆጣጠረችውም ነው።

ሳይዘጋ የተዘጋ በር

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። ኖቬምበር 19 ቀን 2023 የየመን ሁቲዎች በሄሊኮፕተር ወርደው «ጋላክሲ ሊደር» የተባለችውን የመኪና ጫኝ መርከብ ከ25 ሠራተኞቿ ጋር ያዙ። ምክንያታቸውን የጋዛ ጦርነት ነው አሉ፤ ከእስራኤል ጋር ግንኙነት ያላቸውን መርከቦች እንደሚያጠቁ አስታወቁ። ብዙም ሳይቆይ ግን ግንኙነት የሌላቸው መርከቦችም ተመቱ። ሠራተኞቹ የተለቀቁት በጃንዋሪ 2025 ነው። በዚህ መካከል ከ100 በላይ የንግድ መርከቦች በሚሳኤል፣ በድሮን ወይም በጀልባ ጥቃት ተሰንዝሮባቸዋል። ከ21 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ የጫነችው «ሩቢማር» ተመትታ ማርች 2 ቀን 2024 ሰጠመች። ከአራት ቀን በኋላ «ትሩ ኮንፊደንስ» የተባለች መርከብ ላይ በደረሰ ጥቃት ሦስት መርከበኞች ሞቱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሰርጡን በሰንሰለት ያሰረው ወይም መርከብ አቁሞ የዘጋው ማንም የለም። በርካታ መርከቦች በየቀኑ ማለፋቸውን ቀጥለው ነበር። ታዲያ ለምን ተዘጋ ይባላል? መልሱ ኢንሹራንስ ነው። አንድ መርከብ የጦርነት ቀጠና ሲገባ ለዚያ ጉዞ ብቻ ተጨማሪ ዓረቦን ይከፍላል። ከቀውሱ በፊት ይህ ክፍያ ከመርከቡ ዋጋ ከመቶ አንድ እጅ በብዙ ያነሰ ነበር፤ በ2024 እስከ 1 በመቶ ድረስ ወጣ። 100 ሚሊዮን ዶላር ለሚያወጣ መርከብ 1 በመቶ ማለት ለአንድ ማለፊያ 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። የመርከብ ኩባንያዎች ሒሳቡን ሠርተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ መዞርን መረጡ። ይህ ከእስያ ወደ አውሮፓ በሚደረግ ጉዞ ላይ ከ10 እስከ 14 ቀን ይጨምራል።

ስለ ደም ዝውውር የተማርነው እዚህ ላይ ይረዳናል። አንድ የደም ሥር ቀስ እያለ ሲጠብ ሰውነት በዙሪያው ባሉ ትንንሽ ሥሮች ደም ማዞር ይጀምራል። ሰውየው አይሞትም፤ ግን ደረጃ ሲወጣ ይደክመዋል፣ እግሩን ይቀዘቅዘዋል። ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው ከልብ ርቀው ባሉት ክፍሎች ላይ ነው። የዓለም ንግድም እንዲሁ ሆነ። ሀብታሞቹ አገሮች ዙሪያውን ዞረው፣ ተጨማሪውን ከፍለው ቀጠሉ። ግብፅ በ2024 ከሱዌዝ ቦይ የምታገኘው ገቢ ከ60 በመቶ በላይ ወረደባት። እንደ ኢትዮጵያ ያሉ፣ ከመንገዱ መጨረሻ ላይ ያሉ አገሮች ደግሞ ብርዱ ቀድሞ ተሰማቸው።

ምላሹስ? በዲሴምበር 2023 አሜሪካ ብዙ አገሮችን አሰባስባ የጥበቃ ዘመቻ ጀመረች። ጃንዋሪ 10 ቀን 2024 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 2722 ጥቃቱ እንዲቆም ጠየቀ። ከሁለት ቀን በኋላ አሜሪካና እንግሊዝ የመን ውስጥ የሁቲ ቦታዎችን መደብደብ ጀመሩ። በፌብሩዋሪ የአውሮፓ ኅብረት «አስፒዲስ» የተባለ የራሱን የባሕር ጥበቃ አሰማራ። ይህ ሁሉ ኃይል ብዙ ሚሳኤሎችን በአየር ላይ አክሽፏል፤ ትልልቆቹን የኮንቴይነር መርከቦች ግን ወደ መንገዱ አልመለሳቸውም። ሜይ 6 ቀን 2025 በኦማን አሸማጋይነት በአሜሪካና በሁቲዎች መካከል የተኩስ አቁም ተደረገ። ሆኖም ስምምነቱ የሁለቱ ብቻ ነበርና በጁላይ 2025 «ማጂክ ሲስ» እና «ኢተርኒቲ ሲ» የተባሉ ሁለት መርከቦች ተመትተው ሰጠሙ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ርካሽ ድሮን ያለው ኃይል ሰርጡን ሊያውክ እንደሚችል፣ ውድ የጦር መርከብ ያለው ኃይል ግን በጉልበቱ ብቻ መተማመንን ሊመልስ እንደማይችል ነው። መርከቦችን የሚመልሰው የኢንሹራንስ ሰው «አሁንስ ሰላም ነው» ብሎ ሲያምን ብቻ ነው።

ብርዱ ኢትዮጵያ ሲደርስ

ኢትዮጵያ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዛ ከዓለም የባሕር በር የሌላቸው አገሮች ሁሉ በሕዝብ ብዛት አንደኛ ናት። ከውጭ ንግዷ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ኤርትራ በ1993 በሕዝበ ውሳኔ ነጻነቷን ካረጋገጠች በኋላም ኢትዮጵያ በአሰብ ትጠቀም ነበር። በሜይ 1998 የሁለቱ አገሮች ጦርነት ሲፈነዳ ግን መንገዱ በአንድ ጊዜ ተቋረጠ፤ ወደብ ላይ የነበረ የኢትዮጵያ ዕቃም ሳይወጣ ቀረ፣ ጉዳዩ በኋላ ለካሳ ኮሚሽን ቀረበ። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ነገር በአንድ መንገድ፣ ማለትም በጋላፊና በደወሌ ኬላዎች፣ እንዲሁም በ2018 መደበኛ አገልግሎት በጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው የሚመጣው።

አጎቴ ይህን በቁጥር አይነግረኝም። «መርከብ ሲዘገይ እኛ ጅቡቲ ላይ ፀሐይ እንቆጥራለን፣ የኔ ልጅ» ይለኛል። ጭነቱ ቀን በተቀየረ ቁጥር እሱ በ40 ዲግሪ ሙቀት ከመኪናው ሥር ጥላ ፈልጎ ይተኛል፤ የቀን አበሉ ያልቃል፤ ወደ ቤት የሚላከው ብር ይዘገያል። ማዳበሪያ ደግሞ ከሰው በላይ ቀጠሮ አለው። ክረምት ሳይገባ ገበሬው እጅ ካልደረሰ፣ በመስከረም ቢመጣ ለዚያ ዓመት እህል አይጠቅምም።

ከእኔ ሙያ ጋር የሚገናኘው መድኃኒት ነው። ኢትዮጵያ ከምትጠቀምበት መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ብዙው ከውጭ የሚገባ ነው። እዚህ በልምምድ ክፍላችን አንድ ጓንት አጥልቀን፣ አውልቀን እንጥላለን፤ ካርቶኑ ሲያልቅ ሌላ ካርቶን ይከፈታል። እዚያ ግን ጓንቱም፣ ሲሪንጁም፣ ታማሚው ክንድ ላይ የሚንጠለጠለው ግሉኮስም የመርከብና የመኪና ዋጋ ተጨምሮበት ነው የሚደርሰው። የጭነት ዋጋ ሲጨምር ጤና ጣቢያው ያው በጀት ይዞ ያነሰ ዕቃ ይገዛል። ታማሚው ስለ ባብ ኤል መንደብ ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ «ከውጭ ገዝታችሁ አምጡ» የሚል ወረቀት ተጽፎ ሲሰጠው ግን ሒሳቡ እሱ ጋ ደርሷል።

ሰርጡን የሚያቋርጡት መርከቦች ብቻ እንዳልሆኑም አንርሳ። ከኦቦክ ዳርቻ በሌሊት በጀልባ ተጭነው ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ለመሄድ የሚሞክሩት ሰዎች አብዛኞቹ የእኛው አገር ልጆች ናቸው። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት በ2024 ብቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ስደተኞች የመን መድረሳቸውን መዝግቧል። በኦገስት 2025 መጀመሪያ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ከ150 በላይ ሰዎችን የጫነች ጀልባ አብያን በተባለው የየመን ግዛት ዳርቻ ሰጥማ ከ90 በላይ ሰው ሞቷል። ለእነዚህ ሰዎች «የእንባ በር» የሚለው ስም ተረት አይደለም። ስለ ሰርጡ ጸጥታ ሲመከር ስለ ነዳጅና ስለ ኮንቴይነር ይወራል፤ ስለ እነሱ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይባላል።

ሕጉ ምን ይላል?

ስለ ባሕር የሚደነግገው ዋናው ሕግ በ1982 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ነው። በዚህ ሕግ አንድ ባሕር ያለው አገር ከዳርቻው እስከ 12 ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የራሱ ግዛት ነው። ባብ ኤል መንደብ ከዚህ እጥፍ ስለሚያንስ በጠባቡ ቦታ የማንም ያልሆነ ውሃ የለም፤ ሁሉም የአንዱ ወይም የሌላው ዳርቻ አገር ነው። እንዲህ ከሆነ ባለቤቶቹ ሊዘጉት ይችላሉ? አይችሉም። ሕጉ ለዓለም አቀፍ ጉዞ በሚያገለግሉ ሰርጦች ላይ ለሁሉም አገሮች መርከቦች የመተላለፍ መብት ሰጥቷል፤ የዳርቻው አገሮችም ይህን መብት ማገድ የለባቸውም። ባለቤትነትና የመዝጋት ሥልጣን የተለያዩ ናቸው ማለት ነው።

ባሕር የሌላቸው አገሮችስ? ሕጉ ሁለት ነገር ይሰጣቸዋል። አንደኛ፣ በራሳቸው ባንዲራ መርከብ የማሰማራት መብት አላቸው። ለዚህም ነው ኢትዮጵያ ወደብ ሳይኖራት የንግድ መርከቦች ያሏት። ሁለተኛ፣ በጎረቤት አገር አልፈው ወደ ባሕር የመድረስ መብት አላቸው፤ ዝርዝሩ ግን ከዚያ ጎረቤት ጋር በስምምነት ይወሰናል። የክርክራችን ቋጠሮ ያለው እዚህች ላይ ነው። መብቱ አለ፤ ቁልፉ ግን ስምምነት ነው። «መብታችን ነው» የሚለውም «ሉዓላዊ ግዛታችን ነው» የሚለውም፣ ሁለቱም ከአንድ ሕግ ገጽ እያነበቡ ነው።

ወረቀት መቼ ይጸናል?

«ስምምነት፣ ስምምነት ትያለሽ፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ታሪክም ይደግፈዋል። በጁን 1884 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዐድዋ ላይ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ውል ተፈራረሙ። በውሉ መሠረት የኢትዮጵያ ዕቃ፣ መሣሪያም ጭምር፣ በምጽዋ በኩል ያለ ቀረጥ በነጻ ያልፋል፤ እንግሊዝም ጥበቃ ታደርጋለች። ዓመት ሳይሞላው፣ በፌብሩዋሪ 1885፣ ጣሊያን በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋን ያዘች። ዋስ የተባለው አካል ራሱ በሩን ለሌላ አሳልፎ ሰጠ። ወረቀቱ የወደቀው ወረቀት ስለሆነ ሳይሆን፣ የጠባቂው ጥቅም ሲለወጥ ሌላ የሚይዘው ስላልነበረው ነው።

የጸና ወረቀትም አለ። በዲሴምበር 1995 ኤርትራና የመን ከባብ ኤል መንደብ በስተሰሜን ባሉት የሐኒሽ ደሴቶች ምክንያት ተዋጉ፤ ኤርትራ ታላቋን ሐኒሽ ያዘች። ከዚያ የሆነው ግን ትምህርት ሰጪ ነው። በሜይ 1996 ሁለቱ ፓሪስ ላይ ጉዳዩን ለግልግል ዳኝነት ለመስጠት ተስማሙ፤ ምስክር ሆነው ከቆሙት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፣ ከፈረንሳይና ከግብፅ ጋር። በኦክቶበር 1998 ዳኞቹ ታላቋን ሐኒሽ ጨምሮ ዋና ዋናዎቹን ደሴቶች ለየመን፣ ለኤርትራ ዳርቻ የቀረቡ ሌሎችን ለኤርትራ ሰጡ። የሁለቱም አገሮች ዓሣ አጥማጆች እንደ አባቶቻቸው በዚያ ውሃ መሥራታቸውን እንዲቀጥሉም ወሰኑ። ኤርትራ በጦር የያዘችውን ደሴት በሰላም ለቀቀች። ይህ የሆነው በዚያው በእኛ ሰፈር፣ በዚያው ውሃ ላይ ነው፤ ኢትዮጵያም ከአስታራቂዎቹ አንዷ ነበረች።

የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው? የ1884ቱ ውል የተንጠለጠለው በአንድ ኃያል አገር ላይ ነበር። የሐኒሹ ግን ብዙ ምስክር ነበረው፣ ውሳኔውን አስቀድመው ለመቀበል ሁለቱም ቃል ገብተው ነበር፣ በውሃው ላይ ለሚኖረው ተራ ሰውም ድርሻ አስቀምጧል።

የቅርቡን ደግሞ ሁላችንም ተከታትለነዋል። በኦክቶበር 2023 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የቀይ ባሕር ጉዳይ መነጋገሪያ እንዲሆን በግልጽ አነሱ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። ሶማሊያ «ግዛቴ ነው» ብላ ተቆጣች፤ ግብፅም ከሶማሊያ ጎን ቆመች። ለወራት ከተካረረ በኋላ ዲሴምበር 11 ቀን 2024 በቱርክ አሸማጋይነት ኢትዮጵያና ሶማሊያ የአንካራን መግለጫ አወጡ፦ የሶማሊያ ሉዓላዊነት ይከበራል፣ ኢትዮጵያም አስተማማኝ የባሕር መዳረሻ የምታገኝበት መንገድ በድርድር ይፈለጋል። መግለጫው ገና ወደብ አልሆነም፤ ግን ሁለት አገሮችን ከመተኮስ ወደ መነጋገር መልሷል።

ከኤርትራ ጋር ያለው ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ኢትዮጵያዊው «ያለ በር እንዴት እንኑር?» ይላል። ኤርትራዊው «ለ30 ዓመት ተዋግተን፣ ድምፅ ሰጥተን ያገኘነውን እንዴት እንደገና እንጠየቅ?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ልጆቻቸውን ቀብረዋል። አሰብን በጦር መያዝ የሚያስብ ሰው ግን ጦርነቱ ቢቀና እንኳ ቀጥሎ የሚመጣውን ይጠይቅ። የተያዘ ወደብ የጦር ቀጠና ነው። የጦር ቀጠና ላይ ዓረቦን ይወጣል። ከእስያ የሚመጣው መርከብ ደግሞ መጀመሪያ ሰርጡን፣ ከዚያም ጦር ሜዳውን ማለፍ አለበት። መርከቡ ካልመጣ ክሬኑ የማን ነው የሚለው ክርክር ዋጋ የለውም።

የሚቀጥለው ዜና ሲመጣ

ቀይ ባሕር ዜና አያጣም። ስልካችን ላይ አዲስ ርዕስ ሲመጣ፣ ከማጋራታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ እላለሁ።

አንደኛ፣ ዜናው ስለ ወደብ ነው ወይስ ስለ ሰርጡ? የወደብ ጉዳይ ከሆነ የሁለት አገሮች ድርድር ነው። የሰርጥ ጉዳይ ከሆነ ግን የመን፣ ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ ግብፅ፣ ሳዑዲ እና ጅቡቲ ላይ የጦር ሰፈር ያላቸው አሜሪካ፣ ቻይና፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓንና ጣሊያን ሁሉ አሉበት።

ሁለተኛ፣ ስምምነት ተደረገ ከተባለ ዋሱ ማን ነው? አንድ ብቻ ከሆነ 1884ን አስታውሱ። ብዙ ከሆኑና ሁለቱም ወገኖች ዳኝነት ለመቀበል ቃል ከገቡ 1998ን አስታውሱ።

ሦስተኛ፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው? ይህ ጥያቄ በቴሌቪዥን ክርክር ላይ የሚቀረው ነው። ጀኔራሎቹም ተንታኞቹም አይከፍሉም፤ እኛም እዚህ ኢቶቢኮ ተቀምጠን አንከፍልም። የሚከፍሉት ጅቡቲ ላይ ቀን የሚቆጥረው ሹፌር፣ ማዳበሪያው የዘገየበት ገበሬ፣ ግሉኮስ ገዝተህ አምጣ የተባለው አስታማሚ፣ ኦቦክ ዳርቻ በጨለማ ጀልባ የሚጠብቀው ልጅ፣ እና ጦርነት ከተነሳ በሁለቱም በኩል ምሽግ ውስጥ የሚገቡት የእኛ እኩዮች ናቸው። ከሩቅ ሆኖ ስለ ጦርነት መናገር ርካሽ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ስንናገር ካርታውን አውቀን፣ ከኤርትራዊው፣ ከሶማሌውና ከየመኒው የክፍል ጓደኛችን ፊት ደግመን ልንለው የምንችለውን ብቻ እንናገር።